ስልክዎ ሲጮኽ፡ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያን ከመዝጋትዎ በፊት

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በኑዛዜ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው፡፡) ኦክቶበር 4 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ፡፡ የእሷ፣ የልጇ፣ ለጉዞ የገዛሁት ሲም ያለበት የእኔም ጭምር፡፡ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤትም ይሰማል፡፡ እኅቴ ስመ ሥላሴን ጠርታ ጀበናውን አስቀመጠች፡፡

ነገሩ በመላው አሜሪካ የተደረገ የማስጠንቀቂያ ሙከራ ነበር፡፡ ይህንን ብናስረዳትም አልተጽናናችም፡፡ «ይኼ ነገር ሌሊትም እየጮኸ ይቀሰቅሰኛል፡፡ ባለፈው ልጅ ጠፋ ብሎ ልቤን ሊያቆመው ነበር፡፡ ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ አጥፋልኝ» አለችኝ፡፡ እኔም የተማርኩ ነኝና አጠፋሁላት፡፡ የቅንብሩን ገጽ ከፍቼ፣ ከላይ ያለውን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ተጫንኩ፡፡ አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም፡፡ ከሥሩ የተዘረዘረውን አላነበብኩም፡፡

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2024 አመሻሹ ላይ እኅቴ በምትኖርበት በጌይተርስበርግና በአካባቢው ቶርኔዶ፣ ማለትም ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፡፡ በዚያው ከተማ ዛፍ ቤት ላይ ወድቆ ሰዎች ተጎዱ፡፡ የአካባቢው ስልክ ሁሉ አስቀድሞ ጮኾ ነበር፡፡ የእኅቴ ስልክ ግን ዝም አለ፡፡ ስሟን እንኳ በቅጡ የማታውቃት ጎረቤቷ በሩን ደብድባ፣ እጇን ይዛ፣ በምልክት እያናገረች ወደ ምድር ቤት አወረደቻት፡፡ በማግሥቱ አዲስ አበባ ስትደውልልኝ የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፡፡ «የሰው ሁሉ ሲጮኽ የእኔ ዝም አለ፤ ይኼ ስልክ ተበላሽቶ ይሆን?» ብቻ ነው ያለችኝ፡፡ አልተበላሸም፡፡ አንደበቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፡፡

ሕግ የተማረ ሰው ሰውን ሁሉ «ሳታነብ አትፈርም» እያለ ይመክራል፡፡ እኔም ስመክር ኖሬ፣ በሰው ሕይወት ላይ ሳላነብ ፈረምኩ፡፡ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተቀምጬ አጥንቼዋለሁ፡፡ ውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች፣ እንዲሁም እናትና አባታቸው ከልጅ ዘንድ የሄዱባቸው ሁሉ ይጠቀሙበት ዘንድ ያገኘሁትን እነሆ፡፡

ማስጠንቀቂያው እንዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ተራ የጽሑፍ መልዕክት ይቆጥረዋል፡፡ አይደለም፡፡ የጽሑፍ መልዕክት ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላ ቁጥር የሚሄድ ደብዳቤ ነው፡፡ ይኼኛው ግን አዋጅ ነው፡፡ ነጋሪት ጎሳሚ ገበያ መሐል ቆሞ ሲያውጅ የገበያተኛውን ስም አይጠይቅም፤ በዚያ የተገኘ ሁሉ ይሰማል፡፡ የስልክ አንቴናዎችም እንዲሁ በተመረጠው አካባቢ መልዕክቱን ይበትኑታል፤ በክልላቸው ውስጥ የሚገኝ፣ ቴክኖሎጂውን የሚቀበል ስልክ ሁሉ ይጮኻል፡፡ ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ ሴል ብሮድካስት ይባላል፡፡

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፡፡ አንደኛ፣ ላኪው የእርስዎን ቁጥር አያውቅም፣ የት እንዳሉም በዚህ መንገድ ሊያውቅ አይችልም፡፡ «መንግሥት ሊከታተለኝ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያውን የዘጋ ሰው ያለ ምክንያት ዘግቶታል፡፡ ሁለተኛ፣ በአደጋ ሰዓት ሁሉም ሰው ሲደውል መስመር ቢጨናነቅም መልዕክቱ በተለየ መንገድ ስለሚሄድ ያልፋል፡፡ ሦስተኛ፣ ስልኩ ጠፍቶ ከሆነ፣ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ከሆነ፣ ወይም ያለ ሲም በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መልዕክቱ አይደርሰውም፡፡ ሌሊት ስልካቸውን ጥርቅም አድርገው የሚያጠፉ እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፡፡

በአሜሪካ የድምፁ አወጣጥ እንኳ በደንብ የተወሰነ ነው፡፡ ሁለት ሰከንድ የሚረዝም አንድ ድምፅ፣ ከዚያም አንድ አንድ ሰከንድ የሚቆዩ ሁለት አጫጭር ድምፆች፤ ይህም ይደጋገማል፡፡ ንዝረቱም በዚሁ ልክ ስለሆነ መስማት የተሳነው ሰው በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካው ሥርዓት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2012 ነው፡፡ ሕጉ የስልክ ኩባንያዎችን አያስገድድም፤ በፈቃዳቸው ይገባሉ፡፡ ያልገባ ኩባንያ ግን አለመግባቱን ለደንበኞቹ መናገር አለበት፡፡ ደንበኛውም ከአንዱ ዓይነት በስተቀር ሌሎቹን ማስጠንቀቂያዎች የመዝጋት መብት ተሰጥቶታል፡፡ ዓይነቶቹ የሚከተሉት ናቸው፡፡

1. አገር አቀፍ ማስጠንቀቂያ፡፡ ቀድሞ «የፕሬዚዳንት ማስጠንቀቂያ» ይባል የነበረው ነው፡፡ ሊዘጋ አይችልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሙከራ ሊደረግ ሲል ሦስት የኒው ዮርክ ነዋሪዎች «በገዛ ስልካችን ያለ ፈቃዳችን ልንሰማ አይገባም» በማለት ክስ አቅርበው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሙከራውን አላገደም፡፡ እንደ ሕግ ተማሪነቴ ክርክሩን አልናቅኩትም፡፡ የመንግሥት ድምፅ ኪስ ውስጥ ድረስ ሲገባ ወሰኑ የት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

2. የተደቀነ አደጋ ማስጠንቀቂያ፡፡ ይህ በሁለት ይከፈላል፤ «ኤክስትሪም» (እጅግ የከፋ) እና «ሲቪር» (የከፋ)፡፡ ቶርኔዶ፣ ደራሽ ጎርፍ፣ ከባድ ማዕበልና የመሳሰለው በዚህ ሥር ይመጣል፡፡

3. አምበር አለርት፡፡ ስለ ታፈነ ሕፃን የሚነገር ነው፡፡ ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1996 በቴክሳስ፣ አርሊንግተን ታፍና ከተገደለችው የ9 ዓመቷ አምበር ሄገርማን ነው፡፡ እኅቴን ሌሊት የቀሰቀሳት ይኼኛው ነበር፡፡

4. የሕዝብ ደኅንነት መልዕክት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጨመረ ሲሆን፣ ከአደጋው ጋር ተያይዞ የሚሰጥ ምክር ነው፡፡ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ መጠለያው እዚህ ነው፣ የሚል ዓይነት፡፡

ከእነዚህ ሌላ የክፍላተ ሀገርና የአካባቢ «ሙከራ» የሚባል አለ፡፡ እሱ አስቀድሞ የተዘጋ ስለሆነ ካልፈለጉት አይመጣብዎትም፡፡

ቅንብሩ የሚገኘው የት ነው?

አይፎን ከሆነ «ሴቲንግስ» ይግቡ፣ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ ከዚያ እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ ይውረዱ፡፡ «ገቨርንመንት አለርትስ» በሚል ርዕስ ሥር ዓይነቶቹ ተዘርዝረዋል፡፡ «ኢመርጀንሲ አለርትስ» የሚለውን ሲነኩ «ኦልዌይስ ፕሌይ ሳውንድ» የሚል ምርጫ ሊያገኙ ይችላሉ፡፡ ይህ በርቶ ከሆነ ስልክዎ ድምፅ አልባ ተደርጎ እንኳ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፡፡

አንድሮይድ ከሆነ መንገዱ እንደ ሠሪው ይለያያል፡፡ በአንዳንዱ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ»፣ ከዚያ «ዋየርለስ ኢመርጀንሲ አለርትስ» ነው፡፡ በሌላው «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ይገኛል፡፡ በቆዩ የሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ የመልዕክት መተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል፡፡ ከመንከራተት «ሴቲንግስ» ላይ ባለው መፈለጊያ «ኢመርጀንሲ አለርት» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀላል፡፡ በዚሁ ገጽ ያለፉት ማስጠንቀቂያዎች ማኅደር በብዙ ስልኮች ይገኛል፡፡ በድንጋጤ ነክተው ያጠፉትን መልዕክት እንደገና የሚያነቡት ከዚያ ነው፡፡ አይፎን ላይ ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱ በሚከፈተው የማሳወቂያዎች ዝርዝር ይፈልጉት፡፡

የምርጫዎቹ ዝርዝር እንደ አገሩና እንደ ሲሙ ይለያያል፡፡ ስለዚህ አገር፣ ሲም ወይም ስልክ በቀየሩ ቁጥር ገጹን አንድ ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል፡፡ አሮጌ ስልክዎን ለእናትዎ ሲሰጡም እንዲሁ፡፡ እርስዎ በሥራ ስብሰባ ላይ ተሰላችተው የዘጉት ነገር ለእርሳቸው ተዘግቶ ሊተላለፍ ይችላል፡፡

የትኛውን ልዝጋ?

የእኔ ስሕተት ከላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ መንካቴ ነው፡፡ እኅቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ አራት ነገር ነጠቅኋት፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ዋናውን አይንኩ የሚል ነው፡፡ የሚረብሽዎት አንዱ ከሆነ አንዱን ብቻ ይዝጉ፡፡

«ኤክስትሪም» የሚለውን በምንም ምክንያት አይዝጉ፡፡ «ሲቪር» የሚለውንም ቢተዉት ይመረጣል፡፡ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በየዝናቡ ስልክ አያስጮኽም፡፡ «ዎች» የሚባለው አደጋው ሊመጣ ይችላል ሲባል የሚሰጥ ነው፤ የቶርኔዶ «ዎች» በዚህ መንገድ አይላክም፡፡ የሚላከው «ዋርኒንግ» ነው፤ ይኸውም አደጋው ታይቷል ወይም በደጅ ነው ማለት ነው፡፡ ስለዚህ የቶርኔዶ «ዋርኒንግ» በስልክዎ ሲመጣ መስኮት ከፍቶ ሰማይ ማየት ሳይሆን ወደ ምድር ቤት መውረድ፣ ምድር ቤት ከሌለ መስኮት ወደሌለው የውስጥ ክፍል መግባት ነው የሚገባው፡፡

የአምበርን ጉዳይ ለኅሊናዎ እተዋለሁ፡፡ ሌሊት የሚደነግጡ ሕመምተኛ አዛውንት ቤት ውስጥ ካሉ፣ የእርሳቸውን ዘግቶ በልጃቸው ስልክ ላይ ክፍት ማድረግ ተገቢ መፍትሔ ይመስለኛል፡፡ የሕዝብ ደኅንነት መልዕክቱን ግን ይተዉት፤ «ውኃው ተበክሏል» የሚል ዜና ከጎረቤት እስኪሰማ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡

መዝጋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ፡፡ ብሪታንያ ኤፕሪል 23 ቀን 2023 አገር አቀፍ ሙከራ ስታደርግ፣ በቤታቸው ጥቃት የሚደርስባቸውና ከአጥቂው የደበቁት ሁለተኛ ስልክ ያላቸው ሰዎች በዚያ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያውን እንዲዘጉ መንግሥት ራሱ መክሯል፡፡ የተደበቀ ስልክ ከጮኸ ሊያድን የመጣው ሊያስገድል ይችላልና፡፡ የመዝጋት መብት ትርፍ ነገር አለመሆኑን ከዚህ ተረድቻለሁ፡፡

መኪና እየነዱ ቢጮኽብዎት ስልኩን አይንኩ፤ ደህና ቦታ ሲያገኙ ቆመው ያንብቡ፡፡ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ መልስ አይጠብቅም፣ የባንክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ገንዘብ ላክ አይልም፡፡ እንዲህ የሚል ከመጣብዎት አጭበርባሪ ነው፡፡

ሲሳሳትና ሲዘገይ

«ስንት ጊዜ ውሸት ሆነ» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፡፡ ጃኑዋሪ 13 ቀን 2018 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ በሃዋይ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ተላከ፡፡ የመጣ ሚሳይል አልነበረም፤ ልምምድ ላይ የነበረ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የላከው ነበር፡፡ የማስተባበያው መልዕክት በስልክ እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጀ፡፡ በ38 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ልጁን ታቅፎ እንደተሰናበተ መገመት ይቻላል፡፡ ጃኑዋሪ 9 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ወቅት ለአንድ አካባቢ የታሰበ «ለመውጣት ተዘጋጁ» የሚል መልዕክት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ላለበት አውራጃ በሙሉ ሄደ፡፡

እነዚህ ስሕተቶች ትንሽ አይደሉም፡፡ ጅብ መጣ እያለ የዋሸው እረኛ ጅቡ በመጣ ቀን የደረሰለት አልነበረም፡፡ ሰው ስልኩን የሚዘጋው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስለታከተው ነው፡፡ የሚልከው መሥሪያ ቤት ይህን ድካም መፍራት አለበት፡፡

ከስሕተት የከፋው ግን መዘግየት ነው፡፡ በስፔን፣ ቫሌንሲያ ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በደረሰው ጎርፍ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል፡፡ ስልኮቹ የጮኹት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ብዙ መንደሮች በውኃ ተውጠው ነበር፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፡፡ በጀርመን ደግሞ በጁላይ 2021 በአር ሸለቆና በአካባቢው ከ180 ሰው በላይ የፈጀው ጎርፍ ሲደርስ አገሪቱ ይህ የስልክ አዋጅ ገና አልነበራትም፡፡ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገችው በዲሴምበር 2022 ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በስልክ ሕዝብን የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት እስከ ጁን 2022 እንዲኖራቸው በ2018 የወጣው መመሪያ ያስገድዳቸው ነበር፡፡

በየትኛው ቋንቋ?

ወደ እኅቴ ልመለስ፡፡ ባለፈው ዓመት ስልኳን መልሼ አስተካከልኩት፤ አምበሩ ብቻ ተዘግቷል፡፡ ነገር ግን ስልኩ ቢጮኽስ ምን ታነባለች? መልዕክቱ በእንግሊዝኛ ነው፡፡ መጀመሪያ ላይ 90 ፊደል ብቻ ይይዝ የነበረው ከ2019 ጀምሮ በአዲሶቹ ኔትዎርኮች እስከ 360 ፊደል ሆኗል፤ ለማታነበው ሰው ግን 90ም 360ም አንድ ነው፡፡ የአሜሪካ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በ2023 ማስጠንቀቂያዎች አስቀድመው በተዘጋጁ ናሙናዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች እንዲሰጡ ደንብ አውጥቷል፡፡ ዐረብኛ አለበት፣ ቬትናምኛ አለበት፣ የሄይቲ ክሪዮል አለበት፡፡ አማርኛ የለበትም፡፡ የሚገርመው እዚያው ጎን ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ ነው፡፡ ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የሚናገር ቋንቋ ለዐውሎ ነፋስ ዲዳ ሊሆን አይገባም፡፡ በዚያ የሚኖሩ ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች አንድ ላይ ሆነው ሊጠይቁት የሚገባ ጉዳይ ነው፡፡

እስከዚያው ግን ቤተሰብ የቤት ሥራ አለው፡፡ እኔ ለእኅቴ በትልቅ ካርቶን ላይ ስድስት ቃላት በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፤ ከጎናቸው በአማርኛ ማድረግ ያለባትን፡፡ «ቶርኔዶ ዋርኒንግ»፣ ምድር ቤት ውረጂ፡፡ «ፍላሽ ፍለድ»፣ ከቤት አትውጪ፣ መኪና ውስጥ አትግቢ፡፡ «ኢቫክዌት»፣ መድኃኒትሽንና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ውጪ፡፡ «ሼልተር ኢን ፕሌስ»፣ ባለሽበት ቆይ፣ በርና መስኮት ዝጊ፡፡ «ቦይል ዋተር»፣ ሳታፈዪ አትጠጪ፡፡ «ቴስት»፣ ሙከራ ነው፣ ቡናሽን ቀጥዪ፡፡ ካርቶኑ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፡፡ ጊዜ ካለ ደግሞ ልጇ መልዕክቱን ቀድቶ በመተርጎሚያ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ይመልስላታል፡፡

ለአገር ቤትም

ይህ ሁሉ የውጭ ወሬ እንዳይመስል፡፡ በጁላይ 2024 ጎፋ ውስጥ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ከሞቱት መካከል የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ለማዳን የሮጡ ነበሩበት፤ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፡፡ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እየተደጋገመ ሕዝብ ቀዬውን ለቋል፤ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የምንኖር ሌሊት ነቅተናል፡፡ የተባበሩት መንግሥታት በ2022 ይፋ ያደረገው፣ እስከ 2027 መጨረሻ የዓለም ሕዝብ ሁሉ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚ ይሁን የሚለው ዕቅድ ቅድሚያ ከሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፡፡

ስለዚህ ሦስት የሕግ ጥያቄዎችን ከወዲሁ ላስቀምጥ፡፡ ቁልፉን የመጫን ሥልጣን የማን ነው? ቢሳሳት ወይም ቢዘገይ ተጠያቂው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? የስልኩ ቅንብር የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት ብቻ ነው፡፡ ስልኩ ላይ ምርጫው ስላለ ከጀርባው የሚጠብቅልን ሰው አለ ማለት አይደለም፤ ከጀርባው ሰው ቢኖርም ስልኩ ከተዘጋ ድካሙ ከንቱ ነው፡፡

አንባቢዬ ይህን ጽሑፍ ሲጨርሱ የራስዎን ስልክ አንድ ጊዜ ይክፈቱ፣ ቀጥሎ የእናትዎን፡፡ ሁለቱም በድምሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፡፡ የዱሮው አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር፡፡ የእኅቴ ጎረቤት ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የምትናገረው ቋንቋ ባይገባትም፡፡